የልብስ ማጠቢያ ውሃ የገባበትን ባዮጋዝ እንዴት መመለስ ይቻላል?

መጀመሪያ የልብስ ማጠቢያ ውሃው ወደ ማብላያው (እበቱ ተብላልቶ ጋዝ ወደሚሰጥበት ጉድጓድ) የሚገባበትን መንገድ ዝጉ። ቧንቧውም ሆነ ባልዲው ይቁም።

ቀጣዩን ግን ረጋ ብላችሁ አንብቡት፤ እኔን ሁለት ወር ያስከፈለኝ እሱ ነው። ባለቤቴ ወልዳ በየቀኑ ልብስ ይታጠብ ነበር፤ እኔም ያው ውሃ ነው ብዬ እበቱን በእጣቢው እበጠብጥ ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት መውጫው ላይ ነጭ አረፋ ተቆለለ፤ ሻይ ሳይፈላ እሳቱ ድርግም ይላል። የዱቄት ሳሙናው ማሸጊያ «በተፈጥሮ ይበሰብሳል» ስለሚል፣ እበት መጨመሬን አቁሜ እስኪበሰብስ ጠበቅሁ። አልበሰበሰም።

ማሸጊያው የሚያወራው አየር ስላለበት ቦታ ነው። በአብዛኛው የዱቄት ሳሙና ውስጥ ያለው ሊኒየር አልኪልቤንዚን ሰልፎኔት (ባጭሩ ላስ) መፍረስ የሚጀምረው ተህዋስያኑ ኦክስጅን ሲያገኙ ነው። አየር በማይገባበት ማብላያ ውስጥ ከዝቃጩ ጋር ተጣብቆ ይከርማል፤ ሜቴን፣ ማለትም የሚነደውን ጋዝ፣ የሚሠሩትንም ተህዋስያን ይጎዳል። በከተማ ፍሳሽ ዝቃጭ ውስጥም የሚከማቸው በዚሁ ምክንያት ነው። ከስብና ከሶዳ የሚሠራው ተራ ሳሙና ግን ያለ አየርም ይፈርሳል፤ እንዲያውም ራሱ ጋዝ ይሆናል። ስለዚህ የዱቄት ሳሙና ከገባ መጠበቅ ዋጋ የለውም፤ መቅዳት ነው።

እሳትና ሲጋራ አርቁ። ላስ የሚይዘው ከታች የተቀመጠውን ደለል ስለሆነ፣ በመውጫው በኩል በረጅም እንጨት አማስሉና ሲሶውን ያህል በባልዲ ቅዱ። ማንም ወደ ውስጥ እንዳይገባ፤ ጋዙ ትንፋሽ አሳጥቶ ይገድላል።

የጎደለውን በእኩል እበትና ንጹህ ውሃ ሙሉት። ከዚያ እርሾ ያስፈልገዋል፤ ጋዙ ደህና ከሚነድ ጎረቤት ማብላያ ዝቃጭ ለምኑ። እኔ ለ6 ሜትር ኩብ ማብላያዬ 10 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጨመርኩ። በየሱቁ ከሚሸጥ ማነቃቂያ ዱቄት ይልቅ ይሄን አምናለሁ። ለአንድ ሳምንት እበቱን በጣም ቀንሱ፣ የአሲድ መለኪያ ወረቀትም ግዙ፤ ከ6.8 እስከ 7.5 ካሳየ ደህና ነው፣ ከ6.5 በታች ከወረደ እበት መጨመሩን አቁሙ። መጀመሪያ የሚመጣው ጋዝ አይነድም፤ ደጅ ልቀቁት።

የወጣውን ዝቃጭ ጎመን ላይ አትድፉት። ከጭድ ጋር ደባልቃችሁ ከምሩት፣ በየሦስት ቀኑ አገላብጡት። ክምሩ ውስጥ አየር ስለሚያገኝ፣ ማብላያው ያቃተው ላስ በሳምንታት ውስጥ ይፈርሳል።

በረኪናም ተህዋስያን ገዳይ ነውና ወደ ማብላያው ከሚገባ የመጸዳጃ ቤት መስመር አርቁት። የእኛ ቤት እጣቢ አሁን ሙዙ አጠገብ ወዳለች ጠጠር የሞላባት ጉድጓድ ይሄዳል።