ክሩ የሚበጠሰው ጫፉ ላይ ነው፦ ለቆሮሶ፣ ለካርፕ፣ ለነጭ ዓሣና ለአምባዛ ክርና ቋጠሮ እንዴት ይመረጣል?

ሐይቅ ዳር ውሎ ክር የተበጠሰበት ሰው ቶሎ የሚታየው መፍትሔ አንድ ነው፤ ወፍራም ክር መግዛት። በማግስቱ ሲባጎ የሚያህል ናይለን ይዞ ይመጣል። ቆሮሶ (ቲላፒያ) ግን ዝር አይልም። ሰውየውም «ዛሬ ዓሣ የለም» ብሎ ጓዙን ይሰበስባል።

ዓሣውስ አለ። ክሩም ቢሆን መሀሉ ላይ የሚበጠሰው ከስንት አንዴ ነው። የሚሄደው ወይ መንጠቆው የታሰረበት ቋጠሮ ላይ፣ ወይ ከመንጠቆው በላይ ድንጋይ የፈተገው አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ላይ ነው። ገንዘባችሁንም ልፋታችሁንም እዚያች ጫፍ ላይ አውሉት። ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሞክሩት።

ደረጃ 1፦ የት እንደምትሄዱ ወስኑ

ወሎ ውስጥ መንጠቆ ይዞ የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ወይ ሎጎ ሐይቅ፣ ወይ አርዲቦ፣ ወይ ወንዝ ነው መድረሻው። ሎጎ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ሐይቅ ነው። ከ80 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦታ አለው። አርዲቦ ጎረቤቱ ነው፤ ውኃው በአንክርካ ወንዝ አድርጎ ወደ ሎጎ ይወርዳል። በሁለቱም ቆሮሶ፣ ካርፕና አምባዛ አሉ። ቆሮሶ የሎጎ ተወላጅ እንኳ አይደለም፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረ ነው። አሁን ማን እንግዳ ይለዋል?

ወንዝ ከሆነ ሌላ ጨዋታ ነው። ሚሌና ቦርከና ወደ አዋሽ፣ በሽሎ ደግሞ ወደ ዓባይ ይሄዳሉ። እዚያ ነጭ ዓሣና አምባዛ ይጠብቃችኋል፤ ድንጋዩም እንደዚያው። (ኮምቦልቻ አካባቢ የፋብሪካ ፍሳሽ ከሚገባበት በታች የተያዘ ዓሣ እኔ አልበላም። ለመዝናናት ማጥመድ ሌላ ነገር ነው።)

ደረጃ 2፦ ጥቅሉ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ

የክር ጥቅል ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጻፋሉ። አንዱ ውፍረቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሌላው የሚሸከመው ክብደት ነው፣ በኪሎ ወይም በፓውንድ። 1 ፓውንድ 0.45 ኪሎ ነው፤ በግርድፉ ለሁለት ማካፈል ይበቃል። ደህና የሚባል ናይለን 0.20 ከሆነ 3 ኪሎ ገደማ፣ 0.25 ከሆነ 5 ኪሎ ገደማ፣ 0.30 ከሆነ 7 ኪሎ ገደማ ይይዛል። 0.25 ሆኖ «15 ኪሎ» የሚል ናይለን ካያችሁ ጥቅሉ እየዋሸ ነው።

ችግሩ ገበያ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ናይለን መብዛቱ ነው። ባለሱቁን «ስንት ኪሎ ይችላል?» ብትሉት «አብሽር ወንድሜ፣ በሬ ይጎትታል!» ይላል። ስለዚህ ራሳችሁ ፈትኑት። ባለ 5 ሊትር ጄሪካን ውኃ ሙሉ፤ 5 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። ክሩን እንደ መንጠቆ አድርጋችሁ እጀታው ላይ እሰሩና ቀስ ብላችሁ አንሡ። ከቻለ ደግማችሁ በትንሹ ነቅነቅ አድርጉት። ሲበጠስ ቋጠሮው ላይ መሆኑን ታያላችሁ። ባለሱቁንም ቋጠሯችሁንም በአንድ ጄሪካን ፈተናችሁ ማለት ነው።

ደረጃ 3፦ የክሩን ዓይነት ምረጡ

ሦስት ዓይነት ነው የሚያጋጥማችሁ።

ናይለን ርካሽ ነው፣ በየሱቁ አለ፣ ይለጠጣል። መለጠጡ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ዓሣው በድንገት ሲፈተለክ ድንጋጤውን ይውጥለታል፤ በሌላ በኩል ከሩቅ ያለ ለስላሳ ንክሻ እጃችሁ ድረስ አይመጣም። ውኃ ሲጠጣ ትንሽ ይደክማል፤ ፀሐይ ደግሞ ያደርቀዋል። ዓመት ሙሉ መስኮት ላይ የተቀመጠ ናይለን በጣታችሁ ስትስቡት ቶክ ካለ ሌላ ፈተና አያስፈልገውም።

ሁለተኛው የተጎነጎነ ክር ነው፤ ብዙ ቀጫጭን ክሮች እንደ ሹሩባ ተሠርተው አንድ የሆኑበት። በተመሳሳይ ውፍረት ከናይለን በጣም ይጠነክራል፣ አይለጠጥም ማለት ይቻላል፣ ይንሳፈፋል። ግን በግልጽ ይታያል፤ ድንጋይ ላይ ሲታሽ ደግሞ ቶሎ ይጎፍርና ይለቃል። ዘንግ የሌላችሁና በእጅ ክር የምትጠምዱ ከሆነ አልመክረውም። እጅ ይቆርጣል። ማንኛውንም ክር ቢሆን መዳፋችሁ ላይ አትጠምጥሙ፤ ትልቅ አምባዛ ሲፈተለክ ለመፍታት ጊዜ የለም።

ሦስተኛው ፍሎሮካርቦን ነው። ውድ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ይሰምጣል። ውኃ ውስጥ ከናይለን ይልቅ ለዓይን አይጋለጥም፤ መፈተግንም ይችላል። ሙሉ ጥቅል መግዛት አያስፈልግም፤ ጫፉ ላይ ለሚቀጠለው አጭር ክር፣ ማለትም ለቅጥያው ብቻ ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ለዓሣው የሚሆነውን አዘጋጁ

ቆሮሶ። አፉ ትንሽ ነው፣ አነካኩም ለስላሳ። ከ0.20 እስከ 0.25 የሆነ ናይለን ከላይ እስከ ታች ይበቃዋል፤ ቅጥያ አያሻውም። መንጠቆ ከቁጥር 8 እስከ 10። (ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ 1/0፣ 2/0 ተብሎ ሲጻፍ ግን ተቃራኒው ነው።) ማባበያው ሊጥ ወይም ትል ይሁን፤ ከሽንብራ ባይበልጥ ይሻላል። ወፍራም ክር እዚህ ላይ የሚጎዳው እንደ ሽቦ ስለሚገተር ነው። ቆሮሶው ሊጡን ወደ አፉ ሲስበው ሊጡ አብሮ አይሄድለትም፤ ይተወዋል።

ካርፕ። ጉልበተኛ ነው። አፉ ላይ የሚቆርጥ ጥርስ የለውም፤ የሚፈጭባቸው ጥርሶች ጉሮሮው ውስጥ ናቸው። ሰው የሚረሳው ጀርባውን ነው። የጀርባው ክንፍ የፊተኛ አጥንት እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ዓሣው ሲዞር ክሩ እዚያ ላይ ካረፈ ይፍቀዋል። ዋናው ክር 0.30፣ ቅጥያው 0.35 ቢሆን ጥሩ ነው። መንጠቆ ከ4 እስከ 6፣ ማባበያው የተቀቀለ በቆሎ፣ ማረፊያው የሐይቁ ወለል። ከንፈሩ ለስላሳ ስለሆነ በኃይል አትንጠቁ፤ ማጠንጠኛ (ዘንጉ ላይ ክሩ የሚጠቀለልበት) ካላችሁ ፍሬኑን አላሉት። ክሩ ከሚችለው ሩብ ያህል ሲጎተት መልቀቅ አለበት። 7 ኪሎ ለሚችል ክር ሁለት ኪሎ ሳይሞላ ይልቀቅ ማለት ነው።

ነጭ ዓሣ። ይህ የወንዝ ነው፤ የክሩ ጠላት ዓሣው ራሱ ሳይሆን ድንጋዩ ነው። ሲያዝ ከወራጁ ጋር ቁልቁል ይሮጣል፤ ክሩም ከድንጋይ ድንጋይ ይታሻል። 0.28 ወይም 0.30 ዋና ክርና ግማሽ ሜትር 0.30 ፍሎሮካርቦን ያዙ። ክረምት ላይ ውኃው ሲደፈርስ ፍሎሮካርቦኑን ትታችሁ 0.40 ናይለን ብትቀጥሉ ማንም አያይባችሁም። ከጥቅምት በኋላ ውኃው ሲጠራ ግን ወደ ቀጭኑ ተመለሱ።

አምባዛ። ሲመሽና ሌሊት ይወጣል፣ እያሸተተና በሪዙ እየዳሰሰ ነው ምግቡን የሚያገኘው፤ ክር አይቶ የሚሸሽ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ መደበቅን እርሱትና ስለ ጥንካሬ አስቡ። አፉ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር የደቃቅ ጥርስ ረድፍ አለው። በአንድ ንክሻ አይቆርጥም፤ ግን ትግሉ ሲረዝም ይሞርዳል። ዋናው 0.40 ናይለን ይሁን፣ ቅጥያው 0.50 ወይም 0.60። መንጠቆ ከ1/0 በላይ፤ ማባበያው ጉበት ወይም የዓሣ ቁራጭ። የሽቦ ቅጥያ ግን አያስፈልግም። ሽቦ ስለታም ጥርስ ላላቸው፣ እንደ ኦሞና ባሮ ላሉ ወንዞች ዓሣ ነው። መንጠቆውን ስትነቅሉ የጎን ክንፎቹን አጥንት ተጠንቀቁ፤ ወግቶ ያደማል።

ደረጃ 5፦ ቅጥያውን አያይዙ

ቅጥያ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከሐይቅ ወለል ላይ ለካርፕና ለአምባዛ ስትጠምዱ ቀላሉ አሠራር ይህ ነው። ዋናውን ክር ቀዳዳ ባለው እርሳስ (ክሩን የሚያሰምጠው ክብደት) ውስጥ አሳልፉ። ከዚያ የምትሽከረከር ትንሽ የብረት ማያያዣ እሰሩበት። በማያያዣዋ ሌላ ጫፍ ቅጥያውን፣ በቅጥያው ጫፍ መንጠቆውን። ዓሣው ማባበያውን ይዞ ሲሄድ ክሩ በእርሳሱ ውስጥ ያልፋል፤ ክብደቱ አይሰማውም። ማያያዣዋ ደግሞ ክሩ እንዳይጠማዘዝ ትከላከላለች። ዋናው ክራችሁ የተጎነጎነ ከሆነም በዚህችው መንገድ ናይለን ቀጥሉበት።

ማያያዣ ካልተገኘ ሁለቱን ናይለኖች በቀጥታ ማሰር ይቻላል። የዋናውን ክር ጫፍና የቅጥያውን ጫፍ ፊት ለፊት አድርጋችሁ አንድ ስንዝር ያህል ደርቧቸው። የተደረበውን እንደ አንድ ክር ይዛችሁ ቀለበት ሥሩ። የዋናውን አጭር ጫፍና ቅጥያውን በሙሉ አንድ ላይ በቀለበቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ አዙሩ። አርጥቡና አራቱንም ጫፍ እኩል ሳቡ።

ደረጃ 6፦ መንጠቆውን እሰሩ

ሁለት ቋጠሮ ብትችሉ ይበቃችኋል። አሥር ዓይነት አውቆ አንዱንም በጨለማ ማሰር የማይችል ሰው አለ።

አንደኛው የናይለን ነው። ጫፉን በመንጠቆው ዓይን አሳልፉና አንድ ስንዝር ሳቡት። ጫፉን ዋናው ክር ላይ 5 ጊዜ ጠምዝዙ፤ ክሩ ከ0.40 በላይ ከወፈረ 4 ይበቃል። አሁን መንጠቆው ዓይን አጠገብ ትንሽ ቀዳዳ ተፈጥራለች። ጫፉን መልሳችሁ በሷ አሳልፉት። ይህን ስታደርጉ ከጎን ሰፊ ቀለበት ይቀራል፤ ጫፉን በእሱም አሳልፉ። አሁን ቁሙ። ምራቅ አስነኩት።

ምራቁ ለወግ አይደለም። ናይለን በደረቁ ሲጠብቅ እርስ በርሱ ይታሻል፣ ይሞቃል፣ ሙቀቱም ያደክመዋል። በደረቁ የታሰረ ክር ከቋጠሮው በላይ ነጭ ሆኖ ተጨማድዶ ታዩታላችሁ። እሱን ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ። አርጥባችሁ ዋናውን ክር ቀስ ብላችሁ ስትስቡ ጥምዝምዙ ሳይደራረብ አንዱ ካንዱ ጎን መደርደር አለበት። ከተደራረበ ፍቱት። ጫፉን ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ፤ አስጠግቶ መቁረጥ ቋጠሮውን ያሾልካል።

ሁለተኛው ፓሎማር ይባላል። ለተጎነጎነ ክር ይህን ብቻ ተጠቀሙ፤ የመጀመሪያው ያሾልካል። ክሩን እጥፍ አድርጋችሁ እጥፉን በዓይኑ አሳልፉ። ያለፈውን እጥፍ ከዋናው ክር ጋር ላላ ባለ ተራ ቋጠሮ ቋጥሩ። መንጠቆው ከታች ይንጠለጠላል። እጥፉን ከፍታችሁ መንጠቆውን በሙሉ በውስጡ አሳልፉት፣ አርጥቡ፣ ዋናውንና ጫፉን አንድ ላይ ሳቡ። የምትሽከረከረውን ማያያዣ ለማሰርም ይሆናል።

ውኃ ዳር ሆናችሁ አትማሩት። ቤት ውስጥ ሲባጎና የቁልፍ ቀለበት ይዛችሁ ቁጭ በሉ። ቡናው ከአቦል በረካ እስኪደርስ ሁለቱንም ታውቋቸዋላችሁ።

ደረጃ 7፦ ሲበጠስ ጫፉን እዩ

ዓሣ ሲያመልጥ አትራገሙ፤ የቀረውን ክር ጫፍ ወደ ብርሃን አድርጋችሁ እዩት። ጫፉ ተጠቅልሎ ከመጣ ቋጠሮው ሾልኳል፤ ወይ ጥምዝምዙ አንሷል፣ ወይ አልጠበቀም። ቀጥ ብሎ ከቋጠሮው አጠገብ ከተቆረጠ በደረቁ አስራችሁታል፣ ወይም ፍሬኑ ጠብቋል። ሻክሮ፣ ተልጎ ከመጣ ድንጋይ ወይም የአምባዛ አፍ ነው፤ ቅጥያውን አወፍሩ። መሀሉ ላይ ከተበጠሰ ክሩ አርጅቷል፤ ጥቅሉን በሙሉ ቀይሩት።

አንድ ደህና ዓሣ ባወጣችሁ ቁጥር ከመንጠቆው በላይ ያለውን ክር በሁለት ጣት መሀል እያሳለፋችሁ ዳስሱት። ከሻከረ እስከዚያ ድረስ ቁረጡና እንደገና እሰሩ። የቆረጣችሁትን ግን ዳር ላይ አትጣሉ። ናይለን አይበሰብስም፤ የወፍ እግር ይይዛል። ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱትና ቤት ስትደርሱ በትንንሹ ቆራርጣችሁ ጣሉት።