የሻወር ትሬይን በእንጨት ወለል ላይ አጽንቶ ለመትከል

እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሰው ሲቆምበትም በመጠኑ ይረግባል። ወለሉ በረገበ ቁጥር የሻወሩን ትሬይ፣ ማለትም ገላ ሲታጠቡ የሚቆሙበትን ጠፍጣፋ ገንዳ፣ ከግድግዳው ጋር የሚያገናኘው ሲሊኮን ትንሽ በትንሽ እየተላቀቀ ይሄዳል፤ ውሃውም ማንም ሳያየው ወደ ሥር ገብቶ ወለሉን የተሸከሙትን እንጨቶች ያበሰብሳል። በመሆኑም ከሥራው ጊዜ ሰፊው ድርሻ ለወለሉ መሰጠት አለበት።

በመጀመሪያ ትሬዩ በሚያርፍበት ቦታ ያለው ጣውላ ተነሥቶ ከሥሩ ያሉት ተሸካሚ ሞራሌዎች ይመርመሩ። በካቻቢቴ ጫፍ ሲወጋ በቀላሉ የሚሰምጥ እንጨት በስብሷልና ያለ ምንም ማመንታት ሊለወጥ ይገባል። ሞራሌዎቹ ተራርቀው ከሆነ ወይም ሲረገጡ የሚረግቡ ከሆነ፣ በመካከላቸው አጫጭር እንጨቶችን አግድም አስገብቶ በብሎን ማሰር፣ በተለይም የትሬዩ ጠርዞች በሚያርፉበት መስመር ላይ ይህን አለመዝለል ያስፈልጋል።

ወለሉ ከመዘጋቱ በፊት የፍሳሹ መስመር ይዘርጋ። ለሻወር በተለምዶ 40 ሚሊሜትር ቱቦ የሚበቃ ሲሆን፣ በአንድ ሜትር ርዝመት 25 ሚሊሜትር ያህል ቁልቁለት ቢኖረው ውሃው ሳይቋጠር ይወርዳል። ቱቦው ከሞራሌዎቹ ጎን ለጎን ቢሄድ ይመረጣል። የፍሳሹ ቀዳዳ በቀጥታ ሞራሌ ላይ ካረፈ ግን ሞራሌውን ከመቁረጥ ይልቅ ትሬዩን ማዞር ወይም በእንጨት ፍሬም ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ የተቆረጠ ተሸካሚ ቀደም ሲል የተደከመበትን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋልና።

ከዚያ ቢያንስ 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ እርጥበት የሚቋቋም ፕላይውድ በየ150 ሚሊሜትሩ ገደማ በብሎን ይታሰር። ቺፕውድ ውሃ ሲነካው አብጦ ስለሚፈረፈር ለዚህ ቦታ አይሆንም። የፕላይውዱ ገጽና የተቆረጡት ጠርዞቹ ፕራይመር (እንጨቱ እርጥበት እንዳይመጥ የሚያደርግ የመጀመሪያ ቅብ) ይቀቡ።

ከሬዚን የተሠራ ከባድ ትሬይ አምራቹ በሚያዝዘው ማጣበቂያ ወይም አምስት እጅ አሸዋ ከአንድ እጅ ሲሚንቶ ጋር በተደባለቀ ለስላሳ ሞርታር ላይ ይቀመጣል። ሞርታሩ ከዳር እስከ ዳር ሳይቋረጥ ይነጠፍ፤ እዚህም እዚያም ብቻ ጠብ ጠብ ከተደረገ ከሥሩ ባዶ የቀረው ቦታ ሲረገጥ ሊሰነጠቅ ይችላል። ትሬዩ በውሃ ልክ በርዝመቱም በወርዱም ይስተካከል፤ ወደ ቀዳዳው የሚያዘነብለው ቁልቁለት ከፋብሪካው ስለተሠራለት ሆን ብሎ ማዝመም ስሕተት ነው። ለ24 ሰዓት ማንም አይርገጠው።

ሞርታሩ ከጠነከረ በኋላ ውሃ ሞልቶ በመልቀቅ የሲፎኑ (ከፍሳሹ ቀዳዳ ሥር ያለው፣ ሽታ የሚያግደው ቱቦ) መጋጠሚያዎች ይፈተሹ። በትሬዩና በግድግዳው መካከል ሲሊኮን ይሞላል፤ ሴራሚኩ በትሬዩ ጠርዝ ላይ 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ትቶ ይወርዳል፤ ክፍተቱም ዳግመኛ በሲሊኮን ይታሸጋል። በሁለቱም ጊዜ ትሬዩ ላይ ክብደት ይጫን፣ ሲሊኮኑ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅም ድረስ አይነሣ።