አሮጌ ትንሽ መኪና በባሕር ዳር መጨናነቅ ውስጥ ውኃ እንዳታፈላ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ንጹሕ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የራዲያተሩ (የሞተሩን ውኃ የሚያቀዘቅዘው ዕቃ) ክዳን ጎማው ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ላልቶ ግፊት መያዝ ሲያቅተው፣ በሚያዝያ ሙቀት በባጃጆች መካከል ቆማ መንገድ የምትጠብቅ አሮጌ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ውኃዋን በቀላሉ ታፈላለች። ደህና ክዳን ግን ግፊት ይዞ ውኃው የሚፈላበትን ሙቀት 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። ማንም ሰው ወደ ውድ ጥገና ከመሄዱ በፊት ይህን ርካሽ ዕቃ ቢያስፈትሽ አጥብቄ እመክራለሁ።

መኪናዋ ስትሄድ ራዲያተሩን ነፋስ ያቀዘቅዘዋል፤ ስትቆም ግን ሥራው ሁሉ በፋኑ (በራዲያተሩ ማራገቢያ) ላይ ይወድቃል። በረጅም መንገድ ደህና ሆኖ በመጨናነቅ ብቻ የሚግል ሞተር ካለዎት፣ ሞተሩን በቆመበት አስነሥተው ሲሞቅ ፋኑ በራሱ መዞር መጀመሩን ያረጋግጡ።

ጣና ቅርብ ነው ብለው የሐይቁን ውኃ በጀሪካን ቀድተው አይጨምሩ፤ ደለሉ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) በዲስቲልድ (በተጣራ) ውኃ በጥብጠው ይጠቀሙ።

የሙቀት መለኪያው ከወትሮው ከፍ ማለት ሲጀምር ኤሲውን አጥፍተው ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ ለተሳፋሪ ባይመችም ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። መርፌው ቀዩን ከነካ ግን ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ፤ በግፊት የታፈነው ውኃ ፊትና እጅ ክፉኛ ስለሚያቃጥል፣ ሞተሩ በደንብ እስኪበርድ ድረስ ክዳኑን ፈጽሞ አይክፈቱ።