ፋይል ማኔጀር ላይ ፈቃድ ሲያስቸግር፦ ከ777 በፊት የሚታዩ ነገሮች

በብሮውዘር ፋይል ማኔጀር ከፍታችሁ ፎልደር ፈጠራችሁ፣ ፎቶ ጫናችሁ። ሁሉም ያለችግር አለፈ። ገጹን ስትከፍቱት ግን 403 (ማየት ተከልክሏል የሚል መልእክት) ይመጣል። ወይ ደግሞ በኤፍቲፒ (በፋይል ማስተላለፊያ መንገድ) ገብታችሁ ያንኑ ፎቶ ልታጠፉ ስትሉ ፈቃድ የላችሁም ትባላላችሁ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ለሁሉም 777 ሰጥቶ ይገላገላል። እባካችሁ አታድርጉት። 777 ማለት ሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ዩዘር ፋይሉን እንዳሻው መቀየር ይችላል ማለት ነው።

ቁጥሮቹን ባጭሩ ላስታውስ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ነው። ሦስቱ አሃዞች በቅደም ተከተል የባለቤቱ፣ የግሩፑና የሌሎች ናቸው። ለፎልደር 1 ማለት ወደ ውስጥ የመግባት ፈቃድ ነው።

አዲስ ፋይል ፈቃዱን የሚያገኘው ከሁለት ነገር ነው። አንደኛው ፕሮግራሙ የሚጠይቀው ቁጥር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለፋይል 666፣ ለፎልደር 777። ሁለተኛው ዩማስክ ነው፤ ከተጠየቀው ላይ የተከለከለውን ያነሳል። ዩማስክ 022 ከሆነ ውጤቱ 644 እና 755 ይሆናል። 077 ከሆነ 600 እና 700። ተራ መቀነስ ግን አይደለም፤ በ027 ፋይሉ 640 ነው የሚሆነው።

ፋይሉ አለ፣ ገጹ ግን 403 ይላል

መጀመሪያ ባለቤቱን እዩ። ፒኤችፒ (ፋይል ማኔጀሩ የተጻፈበት ቋንቋ) በእናንተ አካውንት፣ ዌብ ሰርቨሩ ደግሞ በሌላ ዩዘር የሚሮጥ ከሆነና ፋይሉ 600 ከሆነ፣ ሰርቨሩ ሊያነበው አይችልም። ለጊዜው ፋይሉን 644 አድርጉት። መነሻው ዩማስክ 077 ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፦ አንዳንድ ፕሮግራሞች የተጫነውን ነገር መጀመሪያ 600 በሆነ ጊዜያዊ ፋይል ያስቀምጡና በኋላ ስሙን ይቀይሩታል። ስም መቀየር ፈቃድን አይነካም። በዚህ ጊዜ ዩማስክ ብታስተካክሉም ለውጥ የለም፤ ፋይል ማኔጀሩ ራሱ መጨረሻ ላይ ፈቃዱን እንዲያስተካክል ሴቲንጉን መንካት አለባችሁ። ኤልፋይንደር የተባለው ፋይል ማኔጀር ለምሳሌ ለፋይልና ለፎልደር ለየብቻ የሚሞላ ቦታ አለው።

በኤፍቲፒ ማጥፋት አልተቻለም

ይሄ ከላይ ያየነው የ403 ችግር ተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ፋይል ማኔጀሩ በዌብ ሰርቨሩ ዩዘር ስለሚሮጥ የሚፈጥረው ሁሉ የዚያ ዩዘር ንብረት ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፦ ማጥፋት የሚወሰነው በፋይሉ ፈቃድ ሳይሆን ፋይሉ ባለበት ፎልደር የመጻፍ ፈቃድ ነው። ፋይሉን 666 ብታደርጉት ዋጋ የለውም። ሰርቨሩ የራሳችሁ ከሆነ ሁለቱንም ዩዘሮች (የእናንተንና የዌብ ሰርቨሩን) አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገቡ፣ ፎልደሩን ለዚያ ግሩፕ ስጡና 2775 አድርጉት፣ ዩማስኩን ወደ 002 ቀይሩ። ፊት ያለችው 2 አዲስ የሚፈጠረው ሁሉ የፎልደሩን ግሩፕ እንዲወርስ ታደርጋለች። የጋራ ሆስቲንግ ላይ ከሆናችሁ ፒኤችፒ በእናንተ አካውንት ስም እንዲሮጥ ጠይቁ።

775 ብላችሁ ሞልታችሁ 755 ይወጣል

ዩማስኩ 022 ስለሆነ ነው። ዩማስክ የሚሠራው ፋይሉ ሲፈጠር ብቻ ስለሆነ፣ ኮዱን መንካት ከቻላችሁ ፎልደሩ ከተፈጠረ በኋላ በቺሞድ (ፈቃድ በሚቀይረው ትእዛዝ) 775 ስጡት። ካልቻላችሁ ፒኤችፒን የሚያስኬደውን ሰርቪስ ዩማስክ ቀይሩ። በኤስኤስኤች (ከርቀት ትእዛዝ በሚሰጥበት መንገድ) ገብታችሁ የራሳችሁ ፕሮፋይል ላይ የምትጽፉት ዩማስክ ግን የእናንተን ሼል እንጂ ሰርቪሱን አይመለከትም። ሲስተምዲ (ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ያለበት ሰርቨር ላይ ፒኤችፒ ኤፍፒኤም በተባለው የፒኤችፒ ሰርቪስ የዩኒት ፋይል (የሰርቪሱ ሴቲንግ ፋይል) ውስጥ ይጻፋል፤ ከዚያ ሪስታርት።

ጭራሽ የማይታወቅ ቁጥር መጣ

755 ሞልታችሁ ፎልደሩ 1363 ሆኖ ካያችሁት ፊቱ ላይ ዜሮ ጎድሏል። የፈቃድ ቁጥር በስምንት ቤት (ከ0 እስከ 7 ባሉት አሃዞች ብቻ) ነው የሚቆጠረው። ፒኤችፒ 0755 ሲባል በስምንት ቤት ያነበዋል፤ 755 ሲባል ግን ተራ ቁጥር አድርጎ ይወስደውና በስምንት ቤት 1363 ይሆናል። ከፊተኛው 1 ቀጥሎ ያለው 3 የባለቤቱ ነው፤ 3 ማለት መጻፍና ማስኬድ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ የፎልደሩን ዝርዝር ማየት አይችልም። ፎልደሩ ባዶ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ፋይሎቹ አልጠፉም፣ አትደንግጡ። 0755 ብላችሁ አርሙት። ኮንፊግ ፋይሉ ጄሰን በተባለው አጻጻፍ ከሆነ ደግሞ መሪ ዜሮ ስለማይቀበል በተራ ቁጥር መጻፍ ግድ ይላል፦ ለ755 493፣ ለ644 420።

ለሁሉም 644 ከሰጣችሁ በኋላ ሳይቱ ወደቀ

ፎልደሮቹ የመግቢያ ፈቃዳቸውን አጥተዋል። ፎልደሮችን ብቻ ለይታችሁ 755 ስጡ። ቺሞድ ላይ ካፒታል ኤክስ ከተጠቀማችሁ ማስኬጃውን ለፎልደሮችና ቀድሞ ለነበራቸው ፋይሎች ብቻ ይሰጣል።

777 ከሰጣችሁ በኋላ 500 (የሰርቨር ስህተት) መጣ

ሱኤግዜክ (ስክሪፕትን በባለቤቱ ስም የሚያስኬድ መሣሪያ) ያለበት ሰርቨር ግሩፕ ወይም ሌሎች ሊጽፉበት የሚችሉትን ስክሪፕት አያስኬድም። ስክሪፕቱንም ያለበትንም ፎልደር 755 አድርጉ።

ፈቃዱም ባለቤቱም ትክክል ሆኖ አሁንም ከተከለከላችሁ ኤስኢሊኑክስ (ከፈቃድ ቁጥሮቹ ሌላ ያለ የሊኑክስ ጥበቃ) ሥራ ላይ መሆኑን እዩ። ቺሞድ ራሱ ምንም ካልቀየረ ደግሞ ዲስኩ ፋት የተባለው ፎርማት ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ፈቃድ የሚወሰነው ዲስኩ ማውንት ሲደረግ (ከሲስተሙ ጋር ሲያያዝ) ነው።

ሴቲንግ ከቀየራችሁ በኋላ አንድ አዲስ ፋይልና አንድ አዲስ ፎልደር በፋይል ማኔጀሩ ፍጠሩና ቁጥራቸውን እዩ። ለውጡ የሚነካው ከአሁን በኋላ የሚፈጠሩትን ብቻ ነው፤ የድሮዎቹን በእጅ ማስተካከል ይቀራችኋል። ስታስተካክሉ የዳታቤዝ ፓስወርድ ያለበትን ኮንፊግ ፋይል ለይታችሁ 640 ወይም 600 አድርጉት።