ነጣ፣ ጓጎለ፣ ተሰነጠቀ፦ ለሠርግ ቸኮሌት ለምትነክሩ ችግርና መፍትሄ

ለጥር ሠርግ ቴምር፣ ብስኩት ወይም ዳቦ ቆሎ ቸኮሌት ውስጥ ነክራችሁ በትንሽ ከረጢት ለእንግዳ ልትሰጡ ካሰባችሁ፣ መጀመሪያ ይህን መልሱ፤ ሠርጉ የት ነው? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ቸኮሌት ጠረጴዛ ላይ ራሱ ይደርቃል። ጣርማበርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ግን ሌላ አገር ነው። የኮኮዋ ቅቤ 34 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፤ የቆላ ቀትር ደግሞ ለዚያ ብዙም አይቀረውም።

እየቀለጠ ሳለ ድንገት ጓጎለ

ውሃ ገብቶበታል። ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል፤ ያልደረቀ ማንኪያ ወይም ከሥር የሚወጣው እንፋሎት። ስኳሩና ኮኮዋው ውሃዋን ይዘው እርስ በርስ ይጣበቁና እንደ ጭቃ ይሆናል። ከዚህ በኋላ ለመንከር አይመለስም፣ አትድከሙ። ትኩስ ወተት እየጨመራችሁ አማስሉትና ለኬክ ማልበሻ ወይም ለልጆች መጠጥ አድርጉት።

ለሚቀጥለው ውሃውን አፍሉና እሳቱን አጥፉ። ከዚያ ደረቅ ጎድጓዳ ሳህን ድስቱ ላይ ጫኑ፤ የሳህኑ ቂጥ ውሃውን አይንካ። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ «ያን ያህል አይሞቅም» ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ጥቁር ቸኮሌት ከ50 በላይ አያስፈልገውም፤ የወተቱና ነጩ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ያርራሉ።

ደርቆ ሲያድር ነጣ

ብዙ ሰው ሻጋታ መስሎት ይጥለዋል። ሻጋታ አይደለም፣ ይበላል። ግን ሙሽራ ፊት አይቀርብም።

በጣታችሁ አሸት አድርጉት። ነጩ ቅባት ሆኖ ከጠፋ፣ የኮኮዋ ቅቤው በትክክል ሳይረጋ ቀርቶ ወደ ላይ ወጥቷል ማለት ነው። መፍትሄው አቀላለጡ ላይ ነው። ቸኮሌቱን ከትፋችሁ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ አቅልጡ። ከእሳት አውጡትና የቀረውን ጥቂት በጥቂት እየጨመራችሁ አማስሉ። ጥቁሩ 31 ወይም 32 ዲግሪ፣ የወተቱ 29 ወይም 30 ሲደርስ ንከሩ። ቴርሞሜትር ከሌለ ትንሽ ከንፈራችሁ ላይ አድርጉ፤ ቀዝቀዝ ማለት አለበት። ከዚያ የቢላ ጫፍ ነክራችሁ አስቀምጡ። በ5 ደቂቃ ገደማ አብረቅርቆ ከደረቀ ጀምሩ፤ ካልደረቀ ገና ነው።

ጣታችሁን ከሻከረው ግን ጥፋቱ የፍሪጅ ነው። ቀዝቅዞ የወጣ ቸኮሌት ላብ ያወጣል፤ ላቡ ስኳሩን ያሟሟና ሲደርቅ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፍሪጅ ግድ ከሆነ አየር በማያስገባ ዕቃ ከድናችሁ አስገቡ። ስታወጡም የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ አትክፈቱት።

ሽፋኑ ተሰነጠቀ

የነከራችሁት ነገር ቀዝቃዛ ነበር። ቸኮሌቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ውስጡ ደግሞ ሲሞቅ ያብጣል። የጥር ውርጭ ያደረበት የደብረ ብርሃን ማዕድ ቤት ውስጥ ያለ ቴምር ከፍሪጅ የወጣ ማለት ነው። ማዕድ ቤቱን ቀድማችሁ አሙቁ፣ ቴምሩንም እዚያው አቆዩት።

ከሥሩ ቸኮሌት ተንዘላዘለ

ሳታራግፉ አስቀምጣችሁታል። ሹካውን የሳህኑ ጠርዝ ላይ መታ መታ አድርጉ፣ ሥሩን ጠረግ አድርጉና ወረቀት ላይ አሳርፉ።

ዳቦ ቆሎው ለሰለሰ

ሳይቀዘቅዝ ተነክሯል። ቆልታችሁ አሳድሩት። በርበሬ ያለበት ዳቦ ቆሎ በጥቁር ቸኮሌት፣ በእኔ ምላስ፣ ከብስኩቱ ይበልጣል።

ድንኳን ውስጥ ቀለጠ

ሸዋ ሮቢት ላይ ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ አትደርድሩት። በበረዶ ሳጥን በማለዳ አጓጉዙ፣ መኪና ውስጥ አትተዉት፣ እንግዳው ሲወጣ በር ላይ ስጡት። በኮኮዋ ቅቤ ፋንታ ሌላ የአትክልት ቅባት ያለበት ለኬክ የሚሸጥ ቸኮሌትም አለ። ጣዕሙ ዝቅ ይላል፣ ግን በዲግሪ አያስጨንቅም። ለቆላ ሠርግ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

እንግዳው ሳይበላ አስቀመጠው

ጾም ይሆናል። የእሑድ ሠርግ ስጦታ ረቡዕ ድረስ ቤት ሊቆይ ይችላል። ለጿሚ ወተት የሌለበት ጥቁር ቸኮሌት ግዙ፤ ማሸጊያውንም አንብቡ፣ ጥቁር ከሚባለውም የወተት ዱቄት ያለበት አለ። ብስኩቱም ቅቤ እንዳይኖርበት።