በማኑዋል መኪና ጎማ ማጨስ

ጎማ ማጨስ ማለት መኪናው ባለበት ቆሞ ጎማው በፍጥነት እየተሽከረከረ እንዲጨስ ማድረግ ነው። ይህ የሚሞከረው ሰው በሌለበት፣ ባለቤቱ በፈቀደው የተዘጋ ሜዳ ብቻ ነው። መንገድ ላይ በፍጹም!

መጀመሪያ ሞተሩ የሚያዞረው የትኞቹን ጎማዎች እንደሆነ እወቁ። የእጅ ፍሬን በአብዛኛው የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ስለዚህ እንደ ቪትዝ ባሉ በፊት ጎማ በሚጎተቱ መኪኖች ሥራው ቀላል ነው፤ የእጅ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ሳቡ፣ አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ሞተሩን በደቂቃ ወደ 4000 ዙር አድርሱና ፍሪሲዮኑን ባንዴ ልቀቁ።

የኋላ ጎማ ለሚገፋው መኪና ግን የእጅ ፍሬኑ ጠላት ነው፤ አውርዱት። አነሳሱ ያው ነው፤ ፍሪሲዮኑን የለቀቀው ግራ እግር ግን ወዲያው ወደ ፍሬን መሄድ አለበት። ፍሬኑን የምትረግጡት መኪናው ወደፊት እንዳይሄድ ያህል ብቻ ነው። ከበዛ የኋላውንም ይይዝና ሞተሩ ይጠፋል። ለጀማሪ ከባዱ ይህ የእግር ልውውጥ ስለሆነ ሞተሩን አጥፍታችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱት።

ትልቁ ስህተት ፍሪሲዮኑን በፍርሃት ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ያኔ የሚቃጠለው ጎማው ሳይሆን የፍሪሲዮኑ ሸራ ነው፤ ሽታው ይነግራችኋል። የሞተሩ ጉልበት ካነሰ ከሚሽከረከሩት ጎማዎች ሥር ውሃ አፍስሱ። ጎማው ከመሽከርከር ይልቅ እየዘለለ መኪናውን ካንቀጠቀጠ ነዳጁን ወዲያው ልቀቁ፤ ከካምቢዮ ኃይል የሚያደርሰውን ዘንግ የሚሰብረው ያ ዝላይ ነው።

ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይበቃል። ስታቆሙ ነዳጁን ለቃችሁ ፍሪሲዮን ርገጡ (ግራ እግራችሁ ፍሬን ላይ ከነበረ ፍሬኑን ቀኝ እግር ይረከበው)፣ ፍሬኑን የምትለቁት ጎማው ከቆመ በኋላ ነው። የጎማው ሽቦ ከታየ ዳግም አትነዱበት።