ለሞት ፍርደኛ የይቅርታ ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

የሞት ቅጣትን የምንቃወም ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የምንሟገተው ሕጉ እንዲለወጥ ነው። ፍርደኛው ግን ያን ቀን የሚጠብቅበት ጊዜ ላይኖረው ይችላል። በኢትዮጵያ በይፋ የሚታወቀው የመጨረሻው የሞት ፍርድ የተፈጸመው በ1999 ዓ.ም. ቢሆንም ፍርድ ቤቶች ከዚያ በኋላም የሞት ፍርድ ሲፈርዱ ኖረዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 117 እንደሚደነግገው የሞት ፍርድ በርዕሰ ብሔሩ ካልጸደቀና በይቅርታ ወይም በምሕረት አለመለወጡ ካልተረጋገጠ በቀር አይፈጸምም። ስለዚህ አንድ ሰው ነገ ሊሠራው የሚችለው ትልቁ ሥራ የይቅርታ ማመልከቻን በሚገባ ማዘጋጀት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የፍርዱን ግልባጭ አግኝተው ቃል በቃል ያንብቡ። ይኸው አንቀጽ የሞት ቅጣት የሚወሰነው ፍጻሜ ባገኘ ከባድ ወንጀል፣ በተለይ አደገኛ በሆነ ወንጀለኛ ላይ፣ ቅጣት ማቅለያ በሌለበት ጊዜና ጥፋተኛው ድርጊቱን ሲፈጽም 18 ዓመት የሞላው ከሆነ ብቻ ነው ይላል። ከእነዚህ አንዱ የጎደለ ከመሰለዎት ጉዳዩ የይግባኝ ወይም የሰበር (መሠረታዊ የሕግ ስህተት የሚታረምበት ችሎት) ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ለጠበቃ ያሳውቁ። በተለይ ዕድሜን አጥብቀው ይመርምሩ፤ በገጠር የተወለደ ሰው የልደት ምስክር ወረቀት ባይኖረውም የክርስትና ካርድ፣ የአንደኛ ክፍል መዝገብ ወይም በአንድ ሰሞን የወለደች ጎረቤት ቃል ሊገኝ ይችላል። አንዲት የደበዘዘች የትምህርት ቤት ካርድ ሰው ልታተርፍ ትችላለች።

ማመልከቻው የሚቀርበው በፍርደኛው ራሱ፣ በትዳር ጓደኛው፣ በቅርብ ዘመዱ ወይም በጠበቃው በመሆኑ የእኛ ድርሻ ማገዝ እንጂ በስሙ መናገር አይደለም፤ እሱ ሳይፈቅድ ምንም አይጻፍ። ደብዳቤው በሙሉ ስም፣ በመዝገብ ቁጥርና ፍርዱ በተሰጠበት ቀን ይጀምር። ቀጥሎ ስለ ሞት ቅጣት ክፋት ረጅም ትምህርት መስጠት አያስፈልግም፤ አንባቢው ማወቅ የሚፈልገው ይህን ሰው ነው። «ታራሚው ተጸጽቷል» ብሎ ከማለፍ ይልቅ «ላለፉት ስድስት ዓመታት በማረሚያ ቤቱ ማንበብ የማይችሉ ታራሚዎችን ፊደል ሲያስቆጥር ቆይቷል፤ የማረሚያ ቤቱ የምስክር ደብዳቤ ተያይዟል» ብሎ መጻፍ ይሻላል። ጥፋቱን አይሸፋፍኑ። ልመናው ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት እንዲለወጥ መሆኑም በግልጽ ይቀመጥ።

ከሁሉ የሚከብደው የሟች ቤተሰብ ጉዳይ ነው። «የልጃችን ደም ደመ ከልብ ሊሆን ነው» ብሎ ለሚያለቅስ አባት የሰብአዊ መብት ክርክር ይዞ መሄድ ቁስል መንካት ነው። እኛ ራሳችን ከመሄድ ይልቅ ሁለቱም ወገን የሚያከብሯቸው ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ይሂዱ፤ እንቢ ቢባሉም አክብረው ይመለሱ እንጂ አይጫኑ። ይህ መንገድ በታላቅ ጉዳይም ታይቷል፤ የደርግ ባለሥልጣናት ሕዝቡን ይቅርታ ለመጠየቅ በፈለጉ ጊዜ የሃይማኖት መሪዎች በመካከል ገብተው ነበር፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ የ23 የደርግ ባለሥልጣናትን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለውጠዋል። እርቅ ከተገኘ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ በሽማግሌዎቹ ተፈርሞ ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ። የሟችን ቤተሰብ ስምና ፎቶግራፍ ግን በማኅበራዊ ሚዲያ ፈጽሞ አያውጡ።

ሰነዱ ሲሟላ ከእያንዳንዱ ገጽ ሁለት ቅጂ ያስቀሩ። መዝገብ ቤት ሲያስገቡ ቅጂዎ ላይ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ያስደርጉና አንዱን ለፍርደኛው ቤተሰብ ይስጡ፤ በየጊዜው ሄደው መጠየቅ የሚችሉት በዚያ ቁጥር ነው።